ለዘወትር መንጃ ስፖርት መኪና የትኛው የፍሬን ሸራ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የ2013 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ 86 አለችኝ፤ ማንዋል ናት። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት እመላለስባታለሁ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ በደጀን በኩል አዲስ አበባ እሄድባታለሁ። የቀድሞው ባለቤት የውድድር ነው የሚባል የፍሬን ሸራ አስገብቶባታል። ጠዋት ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ነው፤ ቀስ ብዬ ስቆም ይጮኻል፤ ቸርኬው በሁለት ቀን ይጠቁራል። አንዱ ሴራሚክ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ኦርጅናሉን መልስ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዓባይ በረሃ ላይ የሚያድንህ ይኸው ያለህ ነውና እንዳትነካው ብሎኛል። ምን ላስገባ?»

ምላሽ፦ ያለውን ያውጡት። በምትኩ ኦርጅናሉን፣ ወይም ከእሱ አንድ እርከን ብቻ ከፍ ያለ የመንገድ ሸራ ያስገቡና ከዋጋው የሚተርፈውን ለአዲስ የፍሬን ዘይት ያድርጉት። ሦስተኛው መካሪዎ የዓባይን ቁልቁለት ማሰቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን እዚያ መኪናዋን የሚይዘው መጀመሪያ ማርሽ፣ ቀጥሎ ጤነኛ ዘይት ነው፤ ሸራ ሦስተኛ ነው። ሸራውን የሚመርጡት ጠዋት ከግቢ ወጥተው መጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ባጃጅ ድንገት ፊትዎ ስትቆም ለሚረግጡት ለዚያ ቀዝቃዛ ፍሬን ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ቶዮታ 86 ባዶዋን 1,240 ኪሎ ገደማ ናት፤ ሁለት ሰውና ሻንጣ ሲጨመር 1,400 እንበላት። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ቢያቆሟት ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 195 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ከዚያ 70 በመቶ ገደማውን የፊት ፍሬኖች ይወስዱታል። አንዱን የፊት ዲስክ (ሸራው የሚጨብጠውን ክብ ብረት) 7 ኪሎ ብለን ብናሰላው፣ በዚያ አንድ ፍሬን የዲስኩ ሙቀት የሚጨምረው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ነው። ከ40 ከሆነ የቆሙት፣ ጭማሪው 9 ዲግሪ ገደማ ነው። እስከሚቀጥለው ፍሬን ድረስ ደግሞ ነፋሱ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ከቤዛዊት ኮረብታ ካልወረዱ በስተቀር ዲስክ የሚያግል ቁልቁለት የላትም። የውድድር ሸራ ግን የተቀመመው ዲስኩ ከ100 ዲግሪ ተሻግሮ በደንብ ሲግል እንዲነክስ ነው። የእርስዎ ሸራ እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሳምንቱ ያልቃል።

ሳይግል የሚሠራ የውድድር ሸራ መንከሱ መቀነሱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ሸራ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ዲስኩን በመፋቅ፣ ሁለተኛው ከራሱ ቅመም ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ለጥፎ በዚያ ሽፋን ላይ በመያያዝ። የውድድር ሸራ ሁለተኛውን የሚያደርገው ሲግል ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሥራው በአብዛኛው መፋቅ ነው። ቸርኬዎ ላይ የሚያዩት ጥቁር ትቢያ ከፊሉ የዲስክዎ ብረት ነው። በውሃ አልለቅ ብሎ ቀይ ነጠብጣብ የሚተወውም ያው ብረት ዝጎ ነው። ስለዚህ «ጠንካራ ሸራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያገለግላል» የሚለው ወሬ እርስዎ ዘንድ ተገልብጧል፦ ሸራው ሲቆይ ዲስኩ ያልቃል። እዚህ ደግሞ የዚህን መኪና ዲስክ ማግኘት ሸራውን ከማግኘት ይብሳል።

የፔዳሉ መክበድ ሌላም ምክንያት አለው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው። የፍሬን ሰርቮ እግርዎን የሚያግዘው ደግሞ በውጭው አየርና በሞተሩ ስበት መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ውጪ ያለው ሲቀንስ እገዛውም ይቀንሳል፤ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጤነኛ መኪናም ላይ ያለ ነው። ኦርጅናል ሸራ ላይ ሲሆን አይታወቅዎትም፤ ቀዝቅዞ የማይነክስ ሸራ ላይ ሲደረብ ግን ያ «ድንጋይ» ያሉት ይመጣል። የውጭ አገር ነጂዎች ባሕር ጠለል ላይ ሆነው «ሲቀዘቅዝም ደህና ነው» ብለው የሚያሞግሱትን ሸራ እዚህ ሲያስገቡ ከዚያ ያነሰ ነገር ይጠብቁ።

ሁሉን በሸራው ከማሳበብዎ በፊት ግን ሰርቮውን ይፈትሹ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ፤ እየጠነከረ ይሄዳል። በእግርዎ እንደተጫኑት ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ ከሞተሩ ወደ ሰርቮ የሚሄደው ጎማ ቱቦ አየር ያስገባል፣ ወይም መንገድ ላይ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ አልያዘም፣ ወይም ሰርቮው ራሱ ተቀዷል። እንዲያ ከሆነ ምንም ሸራ ቢቀይሩ አይድኑም።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ሱቅ ላይ የሚሰሙት ስም ብዙ ነው፤ በውስጥ ያለው ግን አራት ዓይነት ነው። ኦርጋኒኩ ከቃጫ፣ ከጎማና ከሙጫ የተሠራ ሆኖ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለዲስክ የሚራራ፣ ከመጀመሪያው ርግጫ ጀምሮ የሚይዝ ነው፤ ደካማ ጎኑ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሙጫው ሲነድ ነው። መካኒክ «ሸራው ነድዷል» የሚለው እሱን ነው፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሴሚ ሜታሊኩ ከ30 በመቶ በላይ ብረት አለው፤ ሙቀት ይችላል፣ ግን ይጮኻል፣ ትቢያው ብዙ ነው፣ ክረምት ላይ ይዝጋል። በመካከላቸው ዝቅተኛ ብረት ያለው አለ፤ የአውሮፓ መኪኖች ኦርጅናል አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፦ ጥሩ ይነክሳል፣ ቸርኬ ያጠቁራል። ሴራሚክ የሚባለው ትቢያው ፈዘዝ ያለና ጥቂት፣ ድምፁም የለዘበ ነው፤ ሙቀትም ከተራው ኦርጋኒክ ይልቅ ይችላል። የመጀመሪያ ንክሻው ከአምራች አምራች ይለያያል፤ አንዳንዱ ለስላሳ ነው። «ሴራሚክ» የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ዋጋ አይጨምሩለት፤ ቃሉን ማንም ያትመዋል።

ስለዚህ ለእርስዎ አንደኛ ምርጫዬ የቶዮታው ወይም የሱባሩው ኦርጅናል ነው። መኪናዋ ሱባሩ ቢአርዜድ ከምትባለው ጋር መንትያ ስለሆነች በሁለቱም ስም ይጠይቁ፣ አንዱ ጋ ያጡትን ሌላው ጋ ያገኙታል። ሁለተኛው የታወቀ አምራች ሴራሚክ ነው፤ አኬቦኖ ለምሳሌ። ትንሽ ሹል ንክሻ ከፈለጉ ሦስተኛው የመንገድ ስፖርት የሚባለው ነው፤ ሆክ ኤችፒኤስ ወይም ኢቢሲ ሬድስታፍ ከዚህ ወገን ናቸው። ከዚያ በላይ አይሂዱ። የሆክ ዲቲሲ ቤተሰብ ለውድድር ሜዳ ነው፤ ፌሮዶ ዲኤስ 2500 ደግሞ መንገድና ሜዳ ለሚያደባልቅ ሰው እንጂ በፋሲሎና በግሽ ዓባይ ሰፈሮች መካከል ለሚመላለስ ሰው አይደለም።

ሸራውን በእጅዎ ሲይዙ ጠርዙን ወይም ጀርባውን ያንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ከረጅሙ ኮድ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ። የመጀመሪያው ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ መጠን ያሳያሉ። ኢ (E) ማለት ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55፣ ኤች (H) ከዚያ በላይ ነው። ለእርስዎ ኤፍ ኤፍ በቂ ነው፤ ጂ ኤፍ ወይም ጂ ጂም ይሆናል። ኢ ኢ ከሆነ ይተዉት። ኤፍ ኢ የሚል ካዩ ሲግል ይዳከማል ማለት ነውና ለዓባይ መንገደኛ አይመከርም። ፊደሎቹን ግን እንደ ማዕረግ አይዩአቸው፤ ፈተናው የሚደረገው ከሸራው በተቆረጠች አንድ ኢንች በአንድ ኢንች ቁራጭ ስለሆነ ሁለት ኤፍ ኤፍ ሸራዎች መኪና ላይ ሲገቡ እኩል አይሆኑም። ለአውሮፓ በተሠሩት ላይ ደግሞ ኢ (E) ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ከጎኑም 90አር (90R) ብሎ የሚጀምር መለያ ይፈልጉ። ይህ ማለት የመያዝ አቅሙ ከኦርጅናሉ 15 በመቶ በላይ ወዲህ ወዲያ እንደማይል ተፈትኗል ማለት ነው። ለኔ ከፊደሎቹ ይልቅ ይኸኛው ይበልጥብኛል። የውድድር ሸራ ላይ ይህን መለያ አያገኙትም።

አስመሳዩን መለየት ከባድ ነው፤ ካርቶኑ ከኦርጅናሉ ያምራል። እኔ የማየው ብረቱን ነው። የጥሩ ሸራ የጀርባ ብረት ጠርዙ ጥርት ብሎ የተቆረጠ፣ ቀለሙ ወጥ፣ ጆሮዎቹ (በሁለቱ ጫፍ የወጡት) ከመያዣው ጋር ሲገጥሙ የማይንገዳገዱ ናቸው። ሸራው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በጥፍርዎ ይከተሉት፤ ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካለ ይመልሱት። አራቱንም ጎን ለጎን አቁመው ውፍረታቸውን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከሌላው በዓይን የሚለይ ከሆነ ይመልሱት። ባሕር ዳር ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች የሚይዙት በብዛት የቪትዝ፣ የኮሮላና የሃይሩፍ ስለሆነ የእርስዎን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ወይም ከአስመጪ ማዘዝዎ አይቀርም። ያኔ በስልክ «የ86 ላክልኝ» ብቻ አይበሉ። በ17 ኢንች ቸርኬ የወጣችው የፊት ዲስኳ 294 ሚ.ሜ ነው፤ በ16 ኢንች የወጣችው ግን ከዚያ ያነሰ ዲስክ አላት፣ ሸራውም ይለያል። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የዲስኩን ስፋት በሜትር ለክተው፣ የአሮጌውን ሸራ ፎቶ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው ይላኩ።

«ይገጥማል» ተብሎ የሌላ መኪና ሸራ በግራይንደር ተከርክሞ ሲገባ ወይም አሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ሲለጠፍ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። የጭነት መኪና ሸራ በሪቬት ይመታል፣ ያ ደንበኛ ሥራ ነው። የዲስክ ሸራ ግን ፋብሪካ ውስጥ በግፊትና በሙቀት የሚጣበቅ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የተለጠፈው ቁልቁለት ላይ ሲግል ይላቀቃል።

ከፊትና ከኋላ ከአንድ ቤተሰብ ይግዙ። ከኋላ ከፊቱ የበለጠ የሚነክስ ሸራ ፈጽሞ እንዳይገባ፤ ይህች መኪና የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ መታጠፊያ ውስጥ ሲረግጡ ኋላዋ ይሸሻል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ይረዳል፣ ያልተመጣጠነ ፍሬን ግን አያስተካክልም።

መግጠሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሚጮኹት ሸራዎች ብዙዎቹ የተበላሹት ሲገጠሙ ነው። የቸርኬ ዳዶ በ19 ቁልፍ ይፈታል፤ መኪናዋ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ትቀመጥ እንጂ በክሪክ ብቻ አይሠራ። የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን መያዣ) የታች ቡሎን በ14 ፈትተው ካሊፐሩን ወደ ላይ ያጥፉት። ሙሉ በሙሉ ካወጡት በሽቦ ይሰሩት፤ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። አሮጌው ሸራ ሲወጣ ወዲያው አይጣል፣ የውስጡንና የውጪውን ያነጻጽሩ። የውስጡ ብቻ ካለቀ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። አንዱ ጫፍ ሾሎ ካለቀ ጆሮው የሚቀመጥበት ቦታ ቆሽሿል ወይም ካሊፐሩ ተንጋዷል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲሱን ቢያስገቡ እሱም እንደዚያው ያልቃል።

ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚጫነውን ፒስተን ወደ ኋላ ከመግፋትዎ በፊት ከዘይት ማጠራቀሚያው ጥቂት በሲሪንጅ ይቅዱ፤ አለዚያ ሞልቶ ይፈስና ቀለም ይበላል። የፊቱ ካሊፐር ሁለት ፒስተን ነው፤ አንዱን ብቻ ከገፉ ሌላው ይወጣል። አሮጌውን ሸራ በሁለቱ ላይ አጋድመው በእጅ ሞርሳ ቀስ ብለው እኩል ይግፉ። የኋላው ቀጥ ብሎ ይገባል፣ እንደ አንዳንድ የአውሮፓ መኪና እየተዞረ አይደለም። ምክንያቱም የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን በኋላ ዲስኩ ቆብ ውስጥ ያለ ትንሽ ከበሮ ነው፤ እዚያ ያለውም ሸራ እንዳለ አይርሱ። ፒኖቹን አውጥተው ይጥረጉና ለፍሬን ተብሎ የሚሸጠውን ግሪስ በስሱ ይቀቡ። የሻንሲ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ካሊፐሩ በወሩ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጥፋቱ ግን በሸራው ይላከካል። ጆሮ መያዣ ቅጠሎቹን አዲስ ከመጡ ይቀይሯቸው፤ ካልመጡ ከሥራቸው ያለውን ዝገት በብረት ብሩሽ ይፍቁ። ግሪስ ከሸራው ጀርባ ካለው ስስ ቆርቆሮ አልፎ ወደ ፊቱ ፈጽሞ እንዳይሄድ። የቸርኬውን ዳዶ በ120 ኒውተን ሜትር፣ በመስቀለኛ ተራ ያጥብቁ። መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉ ጠንክሮ ቀጥ እስኪል ደጋግመው ይርገጡ፤ ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ይነካበታል።

ትቢያውን በኮምፕሬሰር ማስነፋት የጋራዦቻችን ልማድ ነው። ርካሽ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃ በራሰ ጨርቅ ያስጠርጉ፣ ልጆች ከአካባቢው ዘወር ይበሉ።

ዲስኩስ? የፊቱ አዲስ ሳለ 24 ሚ.ሜ ውፍረት አለው፤ 22 ሲደርስ ይጣላል። ቁጥሩ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፣ በመለኪያ ካሊበር ያስለኩ። በጥፍር የሚያዝ ቦይ ካለ ይህንንም ያሳዩ። ዲስኩ ደህና ከሆነ ግን የውድድሩ ሸራ የለጠፈበትን ሽፋን ሳያነሱ አዲሱን አይግጠሙ። የአንዱ ቅመም በሌላው ላይ አይተኛም፤ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ሳስቶ ይቀራል፣ ከሳምንታት በኋላም ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። «ዲስኩ ተጣመመ» የሚባለው አብዛኛው ይኼ ነው፤ የውፍረት ልዩነቱ ሁለት መቶኛ ሚ.ሜ ቢሆን እንኳ እግር ያውቀዋል። ቁጥር 80 ወይም 120 ብርጭቆ ወረቀት ይያዙና ሁለቱንም ፊት በክብ በክብ እየፈተጉ አብረቅራቂው ጠፍቶ ግራጫ እስኪሆን ይቀጥሉ። ከዚያ በሳሙናና ውሃ ይጠቡ፣ ያድርቁ። ናፍጣ የነካው ጨርቅ ከዲስክ ጋር አይገናኝ፤ የሚተወው ቅባት አዲሱን ሸራ ከመጀመሪያው ቀን ያበላሻል። ዲስኩን ቶርኖ ቤት መስጠት ካለብዎ፣ ሲመለስ ከቸርኬው ማቀፊያ ጋር የሚገናኝበትን ፊት ከዝገት ያጽዱ፤ እዚያ የቀረች ቅንጣት ዝገት ዲስኩን ታጋድመዋለች፣ የሚፈቀደው መወላገድ ደግሞ 0.05 ሚ.ሜ ገደማ ነው።

ቀጥሎ ሸራውን ማለማመድ አለ፤ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ቦታው ከተማ ውስጥ አይደለም። ማለዳ መንገዱ ሳይሞላ በጎንደር መውጫ ዘንዘልማን አልፈው ገለጥ ያለ ቀጥ ያለ ቦታ ይምረጡ፤ ከኋላ ማንም አለመኖሩን በየጊዜው በመስታወት ይዩ፤ ብስክሌተኛና ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት ካለ ይተዉት፣ ሌላ ቀን ይሁን። ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በመካከለኛ ርግጫ ስምንት አሥር ጊዜ ዝቅ ያድርጓት፤ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይንዱ። ከዚያ ከ80 ወደ 20 ጠንከር አድርገው አምስት ስድስት ጊዜ። አንድም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቁሙ። ትንሽ የመቃጠል ሽታ ይመጣል፣ አይደንግጡ። ሲጨርሱ ፍሬን ሳይነኩ በተቻለ መጠን አሥር ደቂቃ ይንዱ። ሲያቆሟት በማርሽ ያቁሟት፤ የጋለ ሸራ ዲስክ ላይ ተጭኖ ከቆየ የሸራው ቅርጽ እዚያው ይታተማል። በትክክል ከተለማመደ ዲስኩ ላይ ወጥ የሆነ ደብዛዛ ግራጫ ቀለም ያያሉ።

አሁን ወደ ዓባይ። ከደጀንም ሆነ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። ለዚያችው 1,400 ኪሎ መኪና ይህ ከ16 ሜጋ ጁል በላይ ጉልበት ነው፤ በ60 እየሄዱ ከ80 ጊዜ በላይ ከማቆም ጋር እኩል፣ ያውም ያለ ዕረፍት ተከታትሎ። ይህን ሁሉ ሸራ ላይ ከጫኑት የውድድሩም ቢሆን ይጨነቃል። ሞተሩ ላይ ከጫኑት የኦርጅናሉ ሸራ ሥራ ይቀልለታል። ከአፋፉ ሳይወጡ ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ጥምዝምዙ ላይ ወደ ሁለተኛ ያድርጉ። ከፊትዎ ከባድ መኪና ካለ አይጠጉት። እግርዎን ፔዳሉ ላይ አስደግፈው አይውረዱ፤ ፍጥነቷ ሲጨምር አጥብቀው ለአጭር ጊዜ ይርገጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። በለቀቁባት ጊዜ ዲስኩ ይተነፍሳል።

አደጋው ሁለት መልክ አለው፣ ለይተው ይወቁት። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ አልቆም ካለች ሸራው ነው የጋለው። ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ወለል ከወረደ ግን ዘይቱ ፈልቷል፤ ፈሳሹ ውስጥ የተፈጠረው እንፋሎት ይጨመቃል፣ ግፊቱ ካሊፐር ጋ አይደርስም። ሁለተኛው ይብሳል፣ በምንም ሸራም አይድንም። እንዲህ ካጋጠመዎ ደጋግመው እየረገጡ ማርሹን በተራ ዝቅ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይሳቡ፣ ወደ ተራራው ወገን ጠርዝ ይያዙ።

የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይጠጣል። ባሕር ዳር ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ሲጠጣ ደረጃው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ጠለል ናቸው፤ ከፍታ ላይ ሁሉም ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል። ለእርስዎ ዶት 4 ይበቃል፤ 5.1 ከተገኘ የተሻለ ነው። ዶት 5 ብቻ የሚለው ሲሊኮን ስለሆነ አይቀላቀልም፣ አያስገቡት። በየሁለት ዓመቱ፣ የሚቻል ከሆነ ክረምቱ እንደወጣ፣ ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፤ አንድ ሊትር ይበቃል። ሱቁ ከከፈተው ትልቅ ጣሳ እየቀዳ የሚሸጥልዎትን አይግዙ፤ የታሸገ ትንሽ ጣሳ ይሁን፣ የተረፈውም ለከርሞ አይቀመጥ።

ስለ ክረምቱ አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ አድሮ ጠዋት ዲስኩ ብርቱካንማ ዝገት ቢለብስ ኖርማል ነው፤ ሁለት ሦስት ፍሬን ይጠርገዋል። በውሃ ውስጥ ካለፉ ወይም መኪናዋን አሳጥበው ከወጡ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ፔዳሉን በቀስታ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ያድርቁት። ሳምንት የምትቆም ከሆነ እርጥብ እንዳለች በእጅ ፍሬን አስረው አይተዋት፤ ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያድርጉላት። የከበሮው ሸራ ከዝገቱ ጋር ተጣብቆ ጠዋት ስትነሳ «ጧ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

አዲሱ ሸራ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጮኽ ከኮብልስቶኑ መንገድ የገባ አቧራ ሊሆን ይችላል፣ ይታገሡት። በሁለተኛው ሳምንት ካልጠፋ ግን ቅጠሎቹንና የጀርባ ቆርቆሮውን ያስከፍቱ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ተረስቶ ወይም ተገልብጦ ገብቶ ይገኛል። ከማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ጋር ፔዳል ሲረግጡ ድምፁ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የሸራ ማለቂያ ምልክቷ ቆርቆሮ ዲስኩን እየነካች ነው፤ ይህች ቆርቆሮ ያለችው በውስጥ ሸራ ላይ ነው። ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ በቸርኬው ክፍተት በባትሪ አብርተው የሸራውን ውፍረት ይዩ። አዲስ ሳለ 10 ሚ.ሜ ገደማ የነበረው 3 ሲደርስ ይቀየራል፤ አዲስ አበባ ሊሄዱ ካሰቡ 4 ላይ ይቀይሩት፤ ሸራው ሲሳሳ የዲስኩ ሙቀት ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ቶሎ ያልፋል።